የደሴት ዙሪያ ጉዞ በአንድ ቀን፦ ሹፌሩም የሚያይበት ዕቅድ

ከአራት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ደሴት በመኪና ዞረን በተመለስን ዕለት ማታ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እንለዋወጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለው ጓደኛችን አንዱን ፎቶ ትኩር ብሎ አየና "ይህ የቱ ጋ ነው?" ብሎ ጠየቀን። በዚያ ቦታ አብረን አልፈናል፤ እሱ ግን ያየው ኩርባውን ብቻ ነበር። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጉዞ ሳቅድ የምጀምረው ከሹፌሩ ወንበር ነው። የሚነዳውም ጓደኛችን ነው፤ እንደ ሌላው ሊያይ፣ ሊወርድ፣ ሊዋኝ፣ ጥላ ሥር ጋደም ሊል ይገባዋል። ለእሱ የሚመች ቀን ደግሞ ለሌሎቹም የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ጥድፊያው ይቀንሳል፣ ንትርኩም እንዲሁ።

1. ደሴቷን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለኩ

ደሴት ካርታ ላይ ስትታይ ታታልላለች። በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት ከካሁሉይ ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ600 በላይ ኩርባዎችና ከ50 በላይ ድልድዮች አሉበት፤ አብዛኞቹ ድልድዮች በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋሉ። አንድም ቦታ ሳይቆሙ ቢነዱት እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አይስላንድን የሚዞረው አንድ ቁጥር መንገድ ደግሞ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሱን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር ሹፌሩን መቅጣት ነው። ደሴቷ እንዲህ ሰፊ ከሆነች አንዱን ዳርቻ መርጣችሁ ሄዳችሁ ተመለሱ።

መንገዱ በእርግጥ ዞሮ የሚገጥም መሆኑንም አረጋግጡ። የሃዋይዋ ካዋይ ክብ ደሴት ናት፤ ሆኖም በሰሜን ምዕራብ በኩል የና ፓሊ ገደሎች መንገድ ስለማያሳልፉ በመኪና ዙሪያዋን መዞር አይቻልም። ከሁለቱም ጫፍ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ የስልኩ ካርታ የሚሰጠኝን የመንዳት ሰዓት እወስድና ግማሹን እጨምርበታለሁ። ድምሩ ከአምስት ሰዓት ካለፈ መንገዱን አሳጥራለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀኑ መቀመጥ ብቻ ይሆናል።

2. ሦስት ቦታ ምረጡ

ከጉዞው ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ እያንዳንዱ ሰው ሳያየው ቢመለስ የሚቆጨውን አንድ ቦታ ይናገር። አንድ ብቻ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሹፌሩ ይሁን፤ እሱ የመረጠው ቦታ ከዝርዝሩ አይወጣም። ከተጠቀሱት መካከል ለመንገዱ የሚስማሙትን ሦስቱን ዋና ማረፊያ አድርጉ፦ አንዱን ለጠዋት፣ አንዱን ለቀትር፣ አንዱን ለምሽት። የቀሩት "በመንገዳችን ላይ ካለ" በሚል ይያዙ፤ ከነዚህ ሁለቱ ቢሳኩ መልካም ነው።

ሦስቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት ባይሆኑ ይመረጣል። ሦስት የባሕር ዳርቻ በተከታታይ ሲታይ ሦስተኛው አይታወስም። አንዱ ውሃ፣ አንዱ ከፍታ፣ አንዱ ደግሞ ሰው የሠራው ነገር ቢሆን፣ ለምሳሌ የመርከብ መብራት ማማ፣ የቆየ ወደብ ወይም ምሽግ፣ ደሴቷን ከሦስት ወገን ታዩአታላችሁ። በቀትሩ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዩ። የምትበሉት፣ የምትዋኙት፣ የምትተኙት እዚያ ነው።

3. የማይጠብቋችሁን ሰዓቶች ጻፉ

ደሴት ላይ ለማንም የማይዘገዩ ሦስት ነገሮች አሉ፦ መርከብ፣ ባሕርና ፀሐይ።

በመርከብ ከገባችሁ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አቅዱ። መኪና የሚጭነው የመጨረሻ መርከብ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እወቁና ከእሱ ቀድሞ በሚነሳው ለመመለስ ወስኑ። የመጨረሻው ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ጎማ ቢተነፍስ ወይም ነፋስ በርትቶ ጉዞ ቢሰረዝ መተንፈሻ ይኖራችኋል። ሰሌዳዎቹ በአብዛኛው የሚጻፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 18:00 የሚለው ምሽት 12 ሰዓት መሆኑን ሁሉም ይወቅ።

ባሕሩን በተመለከተ፣ በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገራችሁ ሰዓት ለእናንተ አይሠራም፤ የዕለቱን ሰሌዳ ተመልከቱ። ይህ ለዋሻዎችና ለዓለት ሥር መንገዶች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በእንግሊዝ ወደ ሊንዲስፋርን ደሴት የሚያስገባው የመኪና መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ በባሕር ይሸፈናል፤ ያን ጊዜ ደሴቷ ላይ ያለ መኪና ውሃው እስኪጎድል ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። በፈረንሳይ ወደ ኖርሙቲዬ ደሴት የሚወስደው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የጉዋ መንገድም እንዲሁ ነው፤ እዚያስ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ድልድይ አለ። "ገና አልሞላም፣ እናልፋለን" የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ቢሰማም ሹፌሩ እንዳይሰማው አደራ።

ፀሐይዋ እንደ ቦታው ትለያያለች። በምድር ወገብ አካባቢ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። አይስላንድ ላይ ግን በሰኔ ሌሊቱ እንኳ አይጨልምም፤ በታኅሣሥ ደግሞ የቀኑ ብርሃን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓት ሳታዩ ለመገመት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ አራት ጣቶቻችሁን አግድም ከአድማሱ በላይ ያዙ። ፀሐይዋ ከላይኛው ጣት በላይ ከተቀመጠች ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷታል፤ እያንዳንዱ ጣት ወደ 15 ደቂቃ ይቆጠራል። ከምድር ወገብ ርቃችሁ ከሆነ ፀሐይዋ አግድም እያዘነበለች ስለምትወርድ ጊዜው ይረዝማል።

4. በየት በኩል ትዞራላችሁ?

ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው ከማረፊያው ግቢ ሲወጣ፣ መኪናው ወደ ዞረበት በመሄድ ነው። እኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ ይህን ውሳኔ አስበልጣለሁ፤ የቀኑን መልክ የሚለውጠው እሱ ነውና።

መጀመሪያ በዚያ ደሴት መኪና በየት በኩል እንደሚሄድ እወቁ። በሞሪሸስ፣ በዛንዚባር፣ በማልታ፣ በቆጵሮስና በአየርላንድ በመንገዱ ግራ ይነዳል። በሬዩኒየን፣ በማዳጋስካር፣ በቀርጤስ፣ በሲሲሊና በአይስላንድ በቀኝ። ሞሪሸስና ሬዩኒየን ጎረቤታሞች ሆነው እንኳ በዚህ ይለያያሉ።

በግራ በሚነዳበት ደሴት የሰዓት መርፌ በሚዞርበት አቅጣጫ ዙሩ። በቀኝ በሚነዳበት ደግሞ በተቃራኒው። እንዲህ ስታደርጉ ባሕሩ ምንጊዜም በእናንተ መስመር በኩል ይሆናል። ማማተሪያ ቦታዎቹ አብዛኞቹ በባሕሩ በኩል ስለሆኑ፣ ሹፌሩ ደስ ባለው ቦታ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሳያቋርጥ ወጣ ብሎ ይቆማል፤ ሲመለስም በቀላሉ ይገባል። በተቃራኒው ከዞራችሁ ግን ለእያንዳንዱ ማቆሚያ መንገድ መሻገር ይመጣል። ሹፌሩም ሦስት አራት ጊዜ ከሞከረ በኋላ መቆሙን ይተወዋል። የእኛ ጓደኛ ያንን ሁሉ ሳያይ ያለፈው በከፊል በዚህ ምክንያት ነበር፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ነበር የምንዞረው።

በዚህ አዟዟር ከፊት ያለው የተሳፋሪ ወንበር ሁልጊዜ በባሕሩ በኩል ይውላል። ይህን ለኋላ አስቡት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የባሕሩ በኩል መስመር የገደሉም በኩል ነው። መከለያ የሌለው ጠባብ መንገድ ካለና ከመካከላችሁ ከፍታ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ፣ ያንን ክፍል በተራራው በኩል ሆናችሁ እንድታልፉት አቅጣጫውን ብትለውጡ አይፈረድባችሁም።

ቀጥሎ ብርሃኑን አስቡ። ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ገደሎችና መንደሮች ብርሃን የሚያገኙት ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ጥላ ይወድቅባቸዋል። ፀሐይ ባሕር ላይ ስትጠልቅ የሚታየው ደግሞ ከምዕራብ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ጠዋቱን በምሥራቅ፣ ምሽቱን በምዕራብ እንድታገኙት መነሻችሁን አስተካክሉ። በቀኝ በሚነዳበት ደሴት ከደቡብ ተነስታችሁ በምሥራቅና በሰሜን አድርጋችሁ ምዕራብ ትደርሳላችሁ። በግራ በሚነዳበት ደግሞ ከሰሜን ተነስታችሁ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ነው። ማረፊያችሁ ሌላ ቦታ ቢሆንም ግድ የለም፤ በጎህ ተነስቶ ወደ መነሻው መሄድ ያዋጣል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ የሚያቀኑ መንገዶች ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋለችና የፊት መስታወቱ ከውስጥም ከውጭም ይወልወል፤ ለሹፌሩ የፀሐይ መነጽር አይረሳ።

5. ተራራ ያላት ደሴት ሁለት አየር አላት

እርጥብ ነፋስ ከባሕር ተነስቶ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡን እዚያው ያወርዳል። ከተራራው ማዶ የሚደርሰው ደረቁ ነፋስ ነው። በካዋይ መካከል ያለው የዋያሌያሌ ተራራ በዓመት ከ9,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች የሚርቀው ምዕራባዊ ዳርቻ ግን ደረቅ ነው። ጠዋት በመስኮት ዝናብ አይታችሁ ቀኑን አትሰርዙት። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩና ከተራራው ጀርባ ካለው ወገን ጀምሩ።

ከፍታ ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ዳርቻው ላይ በመዋኛ ልብስ የነበረ ሰው በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት 3,715 ሜትር ከፍታ ባለው የቴይዴ ተራራ ወገብ ላይ ሲወርድ ጃኬት ይፈልጋል። በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ደግሞ መንገዱ ከባሕር ጠለል ተነስቶ እስከ 4,200 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ሰውነት ይህን ያህል በፍጥነት አይለምድም፤ በ2,800 ሜትር ገደማ ባለው የጎብኚዎች ማዕከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መውጣት ይመከራል። ከመካከላችሁ በአየር ጋን ጠልቆ የዋኘ ካለ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው እንዲህ ያለ ከፍታ አይውጣ፤ በደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳው ይችላል።

6. መኪናውን ስትረከቡ

ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ጎማዎቹን፣ የፊት መስታወቱን፣ የነዳጅ መጠኑን ጨምራችሁ። መለዋወጫ ጎማና ክሪክ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጎማ፣ መስታወት፣ የመኪናው የታችኛው ክፍልና ጥርጊያ መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳት አይካተቱም። በአይስላንድ ኤፍ በሚል ፊደል የተለዩት የመሐል አገር ተራራማ መንገዶች በአራቱም ጎማ ለሚነዳ መኪና ብቻ የተፈቀዱ ናቸው።

የሁለተኛው ሹፌር ስም ውሉ ላይ መመዝገቡን አትለፉት። ያልተመዘገበ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጓደኛሞች አንዱን ሰው ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ያስቀሩታል። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የሚሰጥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የቪየና ስምምነት የሚሰጥ አለ። ጃፓን ለምሳሌ የምትቀበለው የ1949ኙን ነው፤ በኦኪናዋ ለመንዳት ያሰበ ሰው ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ በሁለት ስልክ ላይ ጫኑ። ተራራ ሥር ኔትወርክ ይጠፋል።

7. በመኪናው ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ሹፌሩ ይነዳል፤ ሌላ ነገር አይሠራም። መንገድ የሚያሳየው፣ ሙዚቃ የሚቀይረው፣ ስልክ የሚያነሳው ከጎኑ የተቀመጠው ነው። የጋራውን ገንዘብ አንድ ሌላ ሰው ይያዝና ነዳጁን፣ ማቆሚያውንና መግቢያውን ከዚያው ይክፈል፤ ማታ ላይ "ማን ምን ከፈለ" የሚል ሒሳብ ቀኑን ያበላሻል። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥና ዓይኑን ከስልኩ ላይ አንስቶ አድማሱን ይይ። መሪ የያዘ ሰው ብዙም አያጥወለውለውም፤ መንጃ ፈቃድ ካለው መሪውን መስጠትም አንድ መፍትሔ ነው።

በየሁለት ሰዓቱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቁሙ፤ ሹፌርም ቀይሩ። ሦስት ነገሮችን ደግሞ ሁላችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙባቸው። መኪናው ሲቆም ሹፌሩ መጀመሪያ ይውረድ፣ ወደ ጫፉም እሱ ይቅደም። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስለ ቀጣዩ መንገድ ማንም አይጠይቀው። ኩርባ ላይ ማንም "እዩት፣ እዩት!" ብሎ አይጩህ፤ ማየት የሚገባ ነገር ካለ ማቆሚያ ይፈለግ፣ ካልተገኘም ይለፍ።

8. መንገድ ላይ

ማለዳ ተነሱ። ታዋቂ ቦታዎች ላይ መኪና ማቆሚያው የሚሞላው ረፋድ ላይ ነው። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ ደሴት ላይ ቀጣዩ ማደያ ከተራራው ማዶ ሊሆን ይችላል።

ጠባብ መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው። በስኮትላንድ ስካይ ደሴት ብዙ መንገዶች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው፤ በየርቀቱ ሰፋ ያለ መተላለፊያ ተሠርቶላቸዋል። ከፊት መኪና ሲመጣ መተላለፊያው በእናንተ በኩል ከሆነ ገብታችሁ ቁሙ፤ በማዶ ከሆነ ትይዩው ላይ ቆማችሁ የመጣው እንዲገባ ጠብቁት። ከኋላ የሚከተላችሁ ቸኩሎ ከሆነም አሳልፉት። እናንተ ለሽርሽር ወጥታችኋል፣ እሱ ሥራ ሊገባ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ይሆናል። በመተላለፊያው ላይ መኪና አቁሞ ፎቶ ማንሳት የሰውን መንገድ መዝጋት ነው፤ ይህን በፍጹም አታድርጉ።

ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ መኪናውን በዝቅተኛ ማርሽ ያዙት። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ አመቺ ቦታ ቆማችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውሃ አታፍስሱበት።

9. ውሃ ዳር

ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ። አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ሞገዱን ተመልከቱ። በደቡብ አይስላንድ ሬይኒስፊያራ በሚባለው ጥቁር አሸዋ ዳርቻ ጸጥ ካሉ ሞገዶች መካከል በድንገት አንድ ትልቅ ይመጣና ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመውን ሰው ጠርጎ ይወስዳል፤ ሰዎች ሞተውበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ለባሕሩ ጀርባ አይሰጥም፣ ለፎቶም ቢሆን።

ስትዋኙ ውሃው ወደ ጥልቁ መጎተት ከጀመረ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳር ለመመለስ አትታገሉት። የሚጎትተው ፍሰት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ከእሱ ስትወጡ ያን ጊዜ ወደ መሬት ዙሩ። ከደከማችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ። ኮራል ባለበት ባሕር የምትቀቡትን የፀሐይ መከላከያ ምረጡ፤ ሃዋይ ኮራሉን ይጎዳሉ በሚል ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች ያለባቸውን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ አግዳለች። ለኮራሉ ስል እኔ ከቅባቱ ይልቅ እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስ እመርጣለሁ።

መኪናው ውስጥ የሚታይ ቦርሳ አትተዉ።

10. ወደ ማታ

ፀሐይ የምትጠልቅበት ቦታ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መኪናውን መውጫው ፊት ለፊት እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሙ፤ በጨለማ፣ ከብዙ መኪና መካከል ወደ ኋላ መንዳት ያስቸግራል። ባትሪና ደረቅ ልብስ ከመኪናው ይውጣ። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላም ወዲያው አትነሱ፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚቀላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰውም ቀድሞ ስለሚሄድ መንገዱ ይቀልላችኋል።

በጨለማ የሚነዳው ሰው ከቀትር በኋላ እንዲተኛ አስቀድማችሁ የመደባችሁት፣ ስሙም ውሉ ላይ ያለው ይሁን። ቁልፉን ይቀበል፣ ወንበሩንና ስፖኪዮውን ለራሱ ያስተካክል፣ መብራቶቹን ይሞክር። ቀኑን የነዳው ጓደኛችሁ ደግሞ ከፊት፣ በባሕሩ በኩል ባለው ወንበር ይቀመጥ። መስኮቱንም እሱ እንደፈለገ ይክፈተው።